የአሮጌ ሞተር ሳይክል ጎማ ቁጥር፦ ከጎማው በፊት ቸርኬውን ይለኩ

ጎማ ለመቀየር ሲነሣ አብዛኛው ሰው የተላጨውን ጎማ ጎን ያነባል፣ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ሱቅ ሄዶ "ይህን ስጡኝ" ይላል። ለአዲስ ሞተር ይህ ይበቃል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ለሠራ ሞተር ግን አያስተማምንም። በእነዚያ ዓመታት ስንት ባለቤትና ስንት ጎሚስታ አልፎበታል፤ አንዱ ትክክለኛውን ቁጥር አጥቶ የተቃረበውን ገጥሞ፣ ሌላው ከሌላ ሞተር የወለቀ ቸርኬ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። አሁን የተገጠመው ጎማ የሚናገረው ባለፈው ጊዜ ገበያ ላይ የተገኘውን ነው። ለሞተሩ የሚገባው ቁጥር የሚገኘው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከፋብሪካው ጽሑፍና ከቸርኬው ስፋት።

የፋብሪካው ቁጥር የት ይገኛል

በጃፓን ሞተሮች ላይ የጎማው ቁጥርና የአየር ልኩ የተጻፈበት ትንሽ ተለጣፊ አለ። ብዙ ጊዜ በካቴናው መሸፈኛ ላይ ወይም የኋላውን ጎማ ከሁለት በኩል በያዘው ሹካ ላይ ይለጠፋል። ዓመታት የጠጣው ዘይትና ጭቃ ስለሚሸፍነው አይታይም። በሳሙና ውኃ ቀስ አድርገው ያጥቡት፤ በቤንዚን ከጠረጉት ቆሻሻው ሲለቅ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

ተለጣፊው ከጠፋ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ይፈለጋል። እዚህ ላይ የሞተሩን ስም ብቻ ይዞ መፈለግ ያሳስታል፤ አንድ ስም ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የጎማው ልክ በመሐል ይቀየራል። በመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ይዩ፤ መጀመሪያው ላይ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለያሉ።

ለማነጻጸሪያ ያህል የታወቁ ጥቂት ሞተሮች ከፋብሪካ እንዲህ ወጥተዋል (ከሰረዙ በፊት ያለው የጎማው ስፋት፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በኢንች)። ያማሃ ዲቲ125አር እና ሆንዳ ኤክስኤል185ኤስ ከፊት 2.75-21፣ ከኋላ 4.10-18 ናቸው። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ750 ከፊት 3.25-19፣ ከኋላ 4.00-18 ነው። ቬስፓ ፒኤክስ ከፊትም ከኋላም 3.50-10 ነው። ከታች ያለው ስሌት በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ ነው፤ በተለይ እንደ ዲቲና ኤክስኤል ባሉት ከፊት ባለ21፣ ከኋላ ባለ18 በሆኑት ላይ። እንዲህ ያለው ሞተር ኮረኮንችና ጭቃ ባለበት መንገድ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፣ ጎማውም ፈጥኖ ያልቃል።

ቸርኬውን መለካት

ስህተቱ የሚጀመረው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት።

የቸርኬው ልክ ብዙውን ጊዜ ራሱ ቸርኬው ላይ ተመትቷል። ከቫልቮላው አጠገብ ጀምረው ዙሪያውን ይፈልጉ፤ "18×1.85" ወይም "1.60×21" የሚመስል ጽሑፍ ያገኛሉ። 18 የሚለው ዲያሜትሩ ነው፣ 1.85 የሚለው የውስጥ ስፋቱ ነው፤ ሁለቱም በኢንች ናቸው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። የብረት ቸርኬ ከዛገ ግን ምቱ ከዝገቱ ሥር ሊሆን ይችላል።

በአሮጌ የእንግሊዝና የጃፓን ቸርኬዎች ላይ ስፋቱ በኮድ ይጻፋል። ደብሊውኤም0 ማለት 1.50፣ ደብሊውኤም1 ማለት 1.60፣ ደብሊውኤም2 ማለት 1.85፣ ደብሊውኤም3 ማለት 2.15፣ ደብሊውኤም4 ማለት 2.50 ኢንች ነው።

ምቱ ካልተገኘ ጎማው መውለቅ አለበት። የሚለካው ከአንዱ ጠርዝ የውስጥ ገጽ እስከ ሌላው ጠርዝ የውስጥ ገጽ፣ የጎማው ከንፈር (ቸርኬው ውስጥ የሚቀመጠው ጠንካራው የጎማው ጠርዝ) በሚያርፍበት ቦታ ነው። በውጭ በኩል የለካ ሰው የጠርዙን ውፍረት ሁለት ጊዜ ደምሮ አንድ ደረጃ የሰፋ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። በካሊበር ወደ 41 ሚ.ሜ. ካገኙ 1.60 ነው፤ 47 ሚ.ሜ. 1.85፣ 54 እስከ 55 ሚ.ሜ. 2.15፣ 63 እስከ 64 ሚ.ሜ. ደግሞ 2.50 ነው። ሦስት ቦታ ይለኩ፤ ልኩ ቦታ ለቦታ ከተለያየ ቸርኬው ተመትቶ ተጣሟል።

ዲያሜትሩን በሜትር መለካት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበትን ክብ ነው፤ ጠርዙ ከዚያ በላይ በያንዳንዱ በኩል ወደ 14 ሚ.ሜ. ይወጣል። ስለዚህ ባለ18 ቸርኬ፣ ማለትም 457 ሚ.ሜ. የሆነው፣ በውጭ ሲለካ 485 ሚ.ሜ. ገደማ ይመጣል። 485 ሚ.ሜ. በኢንች ሲቀየር 19 ነው! በዚህ መንገድ ባለ19 ጎማ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ጥቂት አይደለም። ምት ካልተገኘ ከውጭው ልክ ላይ 28 ሚ.ሜ. ቀንሰው ለ25.4 ያካፍሉ።

ጎማው ከወለቀ አይቀር ውስጡን ይመልከቱ። የራጂዎቹ (ቸርኬውን የወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች) ጫፍ ወጥቶ የውስጥ ጎማውን እንዳይበሳ የሚሸፍነው የጎማ ጥብጣብ ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየራል። የዛገ ብረት ቸርኬ ዝገቱ በአሸዋ ወረቀት ተነሥቶ ቀለም ሳይቀባ አዲስ ጎማ አይገባበትም፤ ዝገቱ የጎማውን ከንፈርና የውስጥ ጎማውን ይበላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

የሞተር ጎማ ቁጥር በተለያየ ዘመን በተለያየ መንገድ ተጽፏል። የአሮጌ ሞተር ባለቤት ሁሉንም ማንበብ አለበት፤ ሞተሩ በአንዱ ይናገራል፣ ሱቁ በሌላው ይመልሳል።

የጥንቱ በኢንች ነው። 3.25-19 ማለት ስፋቱ 3.25 ኢንች የሆነ፣ ባለ19 ቸርኬ ላይ የሚገባ ማለት ነው። የቁመቱ ነገር አልተጻፈም፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን የጎማ ቁመትና ስፋት እኩል ነበሩ። 2.50፣ 2.75፣ 3.00፣ 3.25፣ 3.50፣ 4.00፣ 4.50 የሚሉት ሁሉ በዚህ ሥር ናቸው።

ቀጥሎ የመጣውም በኢንች የሚጻፍ ነው፣ ግን ጎማው ዝቅ ያለ ነው። 3.10፣ 3.60፣ 4.10፣ 4.60፣ 5.10 የመሳሰሉት ናቸው። ቁመታቸው ከስፋታቸው ያንሳል። ስለዚህ 4.10-18 ከ4.00-18 ትንሽ የሚበልጥ ይመስላል እንጂ በቁመት ያንሳል። የ4.00-18 ሙሉ ዲያሜትር በስሌት 660 ሚ.ሜ. ሲሆን 4.10-18 ከ640 ሚ.ሜ. ብዙ አይርቅም። "በ0.10 ምን ይለያያል" ብሎ አንዱን በሌላው የሚተካ ሻጭ ይህን አያውቅም ማለት ነው።

ሦስተኛው ዛሬ ገበያውን የያዘው ሚሊ ሜትር ነው። 90/90-18 ሲባል ስፋቱ 90 ሚ.ሜ.፣ ቁመቱ የስፋቱ 90 በመቶ (81 ሚ.ሜ.)፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። ሙሉ ዲያሜትሩን ለማግኘት ቁመቱን በሁለት አባዝተው የቸርኬውን ልክ ይደምሩ፤ 81×2=162፣ 162+457=619 ሚ.ሜ.። ባለ17 ቸርኬ 432፣ ባለ18 457፣ ባለ19 483፣ ባለ21 533 ሚ.ሜ. ነው። ይህችን ሂሳብ ስልክ ላይ መሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በተለይ ለአሜሪካ ሞተሮች የሚወጣ በፊደል የሚጻፍም አለ፤ ኤምጄ90 ከ90/90፣ ኤምኤም90 ከ100/90፣ ኤምቲ90 ከ130/90 ጋር ይሄዳል።

የመቀየሪያ ሠንጠረዡና ጉድለቱ

ጎማ ሻጮችና ፋብሪካዎች የድሮውን ቁጥር ወደ አዲሱ የሚመልስ ሠንጠረዥ አላቸው። ለመነሻ ይጠቅማል፦

2.50 ወይም 2.75 ለነበረው 80/90
2.75 ወይም 3.00 ለነበረው 90/90
3.25 ወይም 3.50 ለነበረው 100/90
3.75 ወይም 4.00 ለነበረው 110/90
4.25 ወይም 4.50 ለነበረው 120/90
5.00 ወይም 5.10 ለነበረው 130/90

ጉድለቱ ስለ ቸርኬ አንድም ቃል አለመናገሩ ነው። እያንዳንዱ ጎማ የሚቀበለው የቸርኬ ስፋት ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ተወስኗል። በአብዛኛው 80/90 ከ1.60 እስከ 2.15፣ 90/90 ከ1.85 እስከ 2.50፣ 100/90 ከ2.15 እስከ 2.75፣ 110/90 ከ2.15 እስከ 3.00፣ 120/90 ከ2.50 እስከ 3.00 ባለው ላይ ይገባል። የድሮ ሞተር ቸርኬዎች ጠባብ ነበሩ፤ ሠንጠረዡ የሚሰጠው ምትክ ብዙ ጊዜ ከዚያ የሰፋ ቸርኬ ይጠይቃል።

የሲቢ750ን የፊት ጎማ እንይ። ፋብሪካው ያወጣው 3.25-19፣ ቸርኬው 1.85 ነው። ሠንጠረዡ 100/90-19 ይላል። የ100/90 ትንሹ ቸርኬ ግን 2.15 ነው፤ ስለዚህ አይሆንም። በቁመትም ቢሆን 100/90-19 663 ሚ.ሜ. ሲሆን የድሮው 648 ነው። 90/90-19 ግን 645 ሚ.ሜ. ነው፣ 1.85 ቸርኬም ይቀበለዋል። ሠንጠረዡን አልፎ የለካ ሰው የተሻለውን አገኘ። በዚሁ ሞተር የኋላ ጎማ ላይ ደግሞ ሠንጠረዡ ልክ ነው፤ 4.00-18 በ2.15 ቸርኬ ላይ ነው፣ 110/90-18 እዚያው ይገባል፣ ዲያሜትሩም 655 ሚ.ሜ. ነው።

ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ በግድ ሲገባ ምን ይሆናል? ከንፈሮቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ የጎማው ወገብ ወደ ላይ ይሾላል። ሲያዩት ያማረና የወፈረ ይመስላል፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ግን መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ስለሆነ መሐሉ ቶሎ ያልቃል። ኩርባ ላይ ሞተሩን ሲያዘነብሉት ቀስ ብሎ መጥቶ ድንገት ይወድቃል፤ ጎኑም ስለሚወዛወዝ ይሞቃል። በተቃራኒው ጠባብ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ ላዩ ይለጠጣል፤ ሲያዘነብሉት ጠርዙ ላይ ይደርሳል፣ አየር ሲጎድል ከንፈሩ ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል።

እንግዲህ ሰፊ ጎማ ይሻላል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ባለ21 እና ባለ18 ሞተር ሙሉ ምርጫ

ከፊት 2.75-21 በ1.60 ቸርኬ፣ ከኋላ 4.10-18 በ1.85 ቸርኬ የሆነ ሞተር ይዘን እንሂድ።

ከፊት 2.75-21 ራሱ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ካልተገኘ 80/90-21 ነው። የ2.75-21 ስሌት 673 ሚ.ሜ.፣ የ80/90-21 ደግሞ 677 ሚ.ሜ. ነው፤ ልዩነቱ አንድ በመቶ አይሞላም፣ 1.60 ቸርኬም ይፈቀድለታል። 3.00-21 የሚል ጎማ ይቀርብልዎ ይሆናል፤ እሱም 1.60 ላይ ይገባል፣ ዲያሜትሩ ወደ 686 ሚ.ሜ. ከፍ ይላል። ከፊት ፓራፋንጎው ከፍ ብሎ ለተሠራ የጭቃ ሞተር ችግር የለውም።

90/90-21 ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአስፋልት የሚሠራው ብዙ ጊዜ 1.85 ወይም ከዚያ የሰፋ ቸርኬ ይጠይቃል። ለአገር አቋራጭ ከሚሠሩት መካከል ግን 1.60ን የሚፈቅዱ አሉ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፈቃዱ የተለያየው የጎማው ገላና ከንፈር አሠራር ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የዚያው ጎማ የፋብሪካ ዝርዝር ነው፤ ከላይ የተጻፈው "በአብዛኛው" የተባለውም ለዚህ ነው።

ከኋላ ነገሩ ይከብዳል። ሻጩ በመጀመሪያ የሚያወጣው 100/90-18 ነው። ዲያሜትሩ 637 ሚ.ሜ. ስለሆነ ከ4.10-18 ጋር ይስማማል፣ ግን በአብዛኛው ከ2.15 ያነሰ ቸርኬ አይፈቅድም፤ የእኛው 1.85 ነው። ከዚያ 90/90-18 ያመጣል። ይህ ቸርኬው ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ነገር ግን 619 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ሞተሩን ከኋላ በ1 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል፣ በአንድ ማርሽ የሚደርስበትንም ፍጥነት በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን መቻል ይቻል ነበር፤ የማይቻለው የጭነቱ ነው፣ ወደዚያው እንመጣለን። 110/90-18 ደግሞ 655 ሚ.ሜ. ነው፤ ቸርኬውም አይፈቅድም፣ ከካቴናውና ከሹካው ጋርም ሊነካካ ይችላል።

ስለዚህ ለዚህ ቸርኬ ፍርዱ አንድ ነው፤ 4.10-18 ራሱን መፈለግ። ይህ ቁጥር ዛሬም ይመረታል። አንድ ሱቅ "ይህ ቁጥር ቀርቷል" ካለዎ ሁለተኛውን ሱቅ ይጠይቁ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰውም ማስመጣት ይችላል፤ ሲያዝዙ ግን "ለዲቲ የሚሆን የኋላ ጎማ" ብለው አይጻፉ፣ 4.10-18 ብለው ከነሰረዙና ከነነጥቡ ይጻፉ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደል

ከልኩ ቀጥሎ "59ፒ" ወይም "51ኤስ" የሚመስል አለ። ቁጥሩ የጭነት አቅም ነው፣ ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ። 45 ማለት 165 ኪሎ፣ 48 ማለት 180፣ 51 ማለት 195፣ 56 ማለት 224፣ 59 ማለት 243፣ 62 ማለት 265 ኪሎ ግራም ነው። ለፍጥነት ጄ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ኤል 120፣ ኤም 130፣ ፒ 150፣ ኤስ 180፣ ኤች 210 ነው። ለባለ125 ሞተር ፊደሉ ብዙም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ጭነቱ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ሞተሩ ከነነዳጁ 115 ኪሎ፣ ነጂው 70፣ ከኋላ የተቀመጠው 70፣ ጆንያው 40 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 295 ነው። ሰውና ዕቃ ከኋላ ሲሆን ሁለት ሦስተኛው በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ወደ 197 ኪሎ። ብዙውን ጊዜ 51 የሚል ምልክት ያለበት 90/90-18 የሚችለው 195 ነው። ጉድጓድ ሳይገባ፣ ድንጋይ ሳይመታ አቅሙ አልቋል። 59 የሚለው 4.10-18 ግን 243 ስለሚችል ትርፍ አለው። ሰው ብቻውን ለሚነዳበት ሞተር ይህ ልዩነት አይታይም፤ ለሚጭን ግን የጎማው ጎን መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

"4ፒአር" እና "6ፒአር" የሚሉትም የጥንካሬ ደረጃዎች ናቸው። ድሮ የክር ንጣፍ ቁጥር ነበር፤ አሁን ስድስት ንጣፍ አለው ማለት አይደለም፣ ከባለ4ው የበለጠ ጭነትና አየር ይችላል ማለት ነው። ባለ6ው ለጭነት ጥሩ ነው፣ ግን ጎኑ ደረቅ ስለሆነ ባዶ ሞተር ላይ ያንገጫግጫል።

ጎኑ ላይ "ኤንኤችኤስ" የሚል ካዩ ለአውራ ጎዳና አልተሠራም ማለት ነው። ረጃጅም ጥርሱ ለማሳ ያምራል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲይዙ ግን ጥርሱ ይታጠፋል።

የውስጥ ጎማ፣ ቲዩብለስ፣ ራዲያል

በራጂ የተወጠረ አሮጌ ቸርኬ አየር አይዝም፤ በያንዳንዱ ራጂ ቀዳዳ ይወጣል፣ ጠርዙም የቲዩብለስን፣ ማለትም ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራውን ጎማ፣ ከንፈር ቆልፎ የሚይዝ ጉብታ የለውም። ስለዚህ "ቲኤል" (ቲዩብለስ) የሚል ጎማ ቢገጠምበትም የግድ የውስጥ ጎማ ይገባበታል። ይህን ማድረግ የሚፈቅዱ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ጎማው እንደ "ቲቲ" (ባለ ውስጥ ጎማ) ነው የሚቆጠረው፤ ምስማር ሲወጋው እንደ ቲዩብለስ ቀስ ብሎ አይተነፍስም።

የውስጥ ጎማው ቁጥር ከውጩ ጋር ይስማማ። ትንሽ የውስጥ ጎማ ትልቅ ውስጥ ሲነፋ ይሳሳል፣ ይሞቃል፣ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ትልቅ የውስጥ ጎማ ትንሽ ውስጥ ሲገባ ይታጠፍና እጥፋቱ ላይ ይበሳሳል። ብዙ የውስጥ ጎማዎች ላይ ሁለት ሦስት ቁጥር ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ የእርስዎ ቁጥር ከነዚያ አንዱ ይሁን። አዲስ ጎማ ውስጥ አሥር ቦታ የተለጠፈ አሮጌ የውስጥ ጎማ ማስገባት ቁጠባ አይደለም።

ራዲያል ጎማ፣ ማለትም ከቁጥሩ መሐል አር የሚል ፊደል ያለበት፣ ለጠባብ የድሮ ቸርኬ አልተሠራም። ከፊት አንዱን ዓይነት፣ ከኋላ ሌላውን መቀላቀልም ሞተሩን ያወላውለዋል።

የቬስፓ ነገር ለብቻው ነው። ቸርኬው ሁለት ግማሽ ሆኖ በዳዶ የተያያዘ ነው። ቸርኬውን ከሞተሩ የሚያወርዱትና ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙት ዳዶዎች የተለያዩ ናቸው። የቫልቮላውን ልብ አውጥተው አየሩን ሙሉ በሙሉ ሳያስተነፍሱ የግማሾቹን ዳዶ ከፈቱ ቸርኬው እንደ ፈንጂ ይበተናል። ለ3.50-10 ምትክ የሚቀርበው 100/90-10 በዲያሜትር 2 ሚ.ሜ. ብቻ ነው የሚበልጠው፤ በስፋት ግን ስለሚወፍር ከጎኑ ያለውን ክፍተት አስቀድመው ይዩ።

ክፍተትና የፍጥነት መለኪያ

ቁጥሩ ተመርጦ ከመከፈሉ በፊት ሞተሩ ላይ ቦታ መኖሩ ይታያል። አዲስ ጎማ ከተላጨው በቁመት ይበልጣል፤ ከጥርሱ ብቻ በያንዳንዱ በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ሲሮጥ ደግሞ ትንሽ ያብጣል። ጎማው ከሹካው፣ ከካቴናው፣ ከፓራፋንጎውና ከፍሬን ዘንጉ ቢያንስ 10 ሚ.ሜ. ይራቅ፤ ጭቃ ባለበት አገር ከዚያም በላይ። ማርገብ የማያውቅ የክረምት ጭቃ በፓራፋንጎና በጎማ መሐል ገብቶ ሲደርቅ የፊት ጎማን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። የኋላው አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ ሲወርድም ቦታ መኖሩን ለማየት ሁለት ሰው አስቀምጠው ይጫኑት። ካቴናው የሚወጣጠርበትን ቦታ አይርሱ፤ ካቴናው ሲረዝም ጎማው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አዲስ ሲሆን ግን ወደ ፊት ተስቦ ከሹካው ግርጌ ይጠጋል።

በአብዛኞቹ አሮጌ ሞተሮች የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው ከፊት ጎማ ነው። የፊቱ ዲያሜትር በ3 በመቶ ቢያድግ መለኪያው 60 ሲል በእውነት ወደ 62 እየሄዱ ነው። ከዚህ የሚከብደው የመሪው ጠባይ ነው። ከፊት ከፍ ያለ ጎማ መሪውን ያዘገየዋል፤ ከፊት ዝቅ ካለ ወይም ከኋላ ከፍ ካለ መሪው ይቀልና በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ከፍ ያለ ጎማ የጎን መቆሚያውንም ያሳጥረዋል፤ ሞተሩ ሲቆም ከልኩ በላይ ያዘነብላል፣ ዕቃ ከተጫነበትም ሊወድቅ ይችላል። ዲያሜትሩ ከፋብሪካው ከ2 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ቢጠበቅ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ሱቅ ውስጥ

ያረጀ ቁጥር ሱቅ ውስጥም ያረጃል። ጎኑ ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ሙሉ ቢሆን ይመልሱት። ከተሠራ አምስት ዓመት ያለፈውን በየዓመቱ መመርመር፣ አሥር ዓመት የሞላውን መጣል የብዙ ፋብሪካዎች ምክር ነው። ከሱቅ በር ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ከሆነ ከቀኑም በፊት ይደርቃል፤ ጎኑን ሲያጥፉት ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ አይግዙት።

ቀስቱንም ይዩ። አንዳንዱ ጎማ ከፊት ሲገጠም በአንድ አቅጣጫ፣ ከኋላ ሲገጠም በተቃራኒው እንዲዞር ሁለት ቀስት አለው። ምክንያቱ ከፊት የሚበረታው የፍሬን ኃይል፣ ከኋላ የሚበረታው የሞተሩ ግፊት መሆኑ ነው።

ከተገጠመ በኋላ

ጎሚስታው ሲነፋ አጠገቡ ይቁሙ። የውስጥ ጎማው ትንሽ አየር ይዞ፣ ፓውደር ተነስንሶበት ይግባ። ሌቫው (ጎማ ማስገቢያው ብረት) መጨረሻ የሚያርፈው ቫልቮላው አጠገብ ይሁን፤ ያኔ ከተቃራኒው በኩል ያለው ከንፈር ወደ ቸርኬው ጥልቅ መሐል ይገባና ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ኃይል ከጠየቀ ከንፈሩ ከመሐሉ ወጥቷል፤ ሌቫ መጨመር የውስጥ ጎማውን መብሳት ነው።

ከንፈሩ ቦታውን እንዲይዝ ሲነፋ ከ40 ፒኤስአይ አይለፍ። ካልተቀመጠ አስተንፍሶ፣ የሳሙና ውኃ ቀብቶ እንደገና መሞከር ነው። ከከንፈሩ በላይ በጎማው ዙሪያ የምትሄደው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ በሁሉም ቦታ እኩል ርቃ መታየት አለባት፤ አንድ ቦታ ከጠፋች ጎማው እዚያ አልወጣም፣ ሲነዱት ይዘላል። ከዚያ አየሩ ተለጣፊው ላይ ወዳለው ልክ ይወርዳል።

የቫልቮላውን ዳዶ ከቸርኬው ጋር አጥብቀው አይሰሩት፤ ወደ ክዳኑ ከፍ አድርገው ይተዉት። ከጥቂት ቀን በኋላ ቫልቮላው ካዘነበለ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ቁጥሩ ለቸርኬው አይገባም። ዳዶው ላላ ስለተባለ ይህ ዘንበል በዓይን ይታያል። ጠብቆ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ምልክት ከሥሩ የተቀደደ ቫልቮላ ይሆን ነበር።

አዲስ ጎማ ከሻጋታው የተረፈ ለስላሳ ሽፋን ስላለው የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ኩርባ ላይ በዝግታ ይሂዱ። 50 ኪሎ ሜትር ሲሞላ አየሩን ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ይለኩ፣ ካቴናውንና የፔርኖውን (የጎማውን ዘንግ) ዳዶ ያረጋግጡ፣ በጎማው ጎንና በሹካው ላይ አዲስ የተፋቀ ምልክት ካለ ይፈልጉ።